ማመን፣ መታዘዝ፣ መዳን

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ወዳሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ረቡዕ ወይም ዓርብ ጎራ ያለ ሰው፣ አንዱ የጾም በያይነቱ ሌላው ጥብስ አዝዘው ሲከራከሩ ቢሰማ አይገርመውም። «ካመንክ በቃ፣ ጾሙ ምን ይጨምርልሃል?» ይላል ጴንጤው። «ምግባር ከሌለው ምኑን እምነት ሆነ!» ይላል ኦርቶዶክሱ። ይኸው ክርክር እኛም ካምፕ አለ፤ እናትና ልጅ እስኪኮራረፉም ይደርሳል። እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

ሁለቱም የሚጠቅሱት አንድ መጽሐፍ ነው። ጳውሎስ በኤፌሶን ምዕራፍ 2 መዳን የጸጋ ስጦታ እንጂ የሥራ ደመወዝ አለመሆኑን ያስተምራል፤ ወዲያው ደግሞ የተፈጠርነው ለመልካም ሥራ መሆኑን ይጨምራል። ያዕቆብም በምዕራፍ 2 የተራበን ሰው በመልካም ቃል ብቻ የሚሸኝ እምነት የሞተ መሆኑን ይናገራል። ኦርቶዶክሳውያን መምህራን ሃይማኖትና ምግባር አይነጣጠሉም ይላሉ። ወንጌላውያኑ ደግሞ መታዘዝ የእምነት ፍሬ እንጂ ሥር አይደለም ይላሉ። ልዩነቱ ቀላል ነው አንልም። ግን «እመንና እንዳሻህ ኑር» የሚል ከሁለቱም ወገን የለም። በሐዋርያት ሥራ 8 ያለው የኛው ጃንደረባ እንኳ አምኖ ዝም አላለም፤ ውኃ ሲያይ ሠረገላውን አስቁሞ ተጠመቀ።

መታዘዝ ዋጋ ሲያስከፍልም አይተናል። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደርግ የኦርቶዶክሱን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገደላቸው። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ ምእመናኑን ትቼ አልሄድም ብለው ነው የቀሩት። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ታዲያ የተሰደደ ሁሉ እምነት አነሰው ማለት አይደለም። ዮሴፍም ሕፃኑን ይዞ ወደ ግብፅ የተሰደደው ታዝዞ ነው!

ትልቁ ጥያቄ ግን የምንታዘዘው ለማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እዚሁ ኬንያ፣ ኪሊፊ ካውንቲ ውስጥ በሻካሆላ ጫካ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ ሰባኪው ፖል ማኬንዚ ተከታዮቹን ኢየሱስን ለማግኘት በረሃብ እንዲሞቱ አዟል ሲል ከሰሰው፤ እሱ በበኩሉ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል። የፍርዱ ነገር የፍርድ ቤት ነው፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ነው። ሪሴትልመንት ሲጠበቅ ዓመታት በሚያልፉበት ኑሮ፣ «እኔን ከታዘዝክ ጉዳይህ ያልቃል» የሚል ሰው ጆሮ አያጣም።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ለይተን እንወቅ። ቤተ ክርስቲያን ሕፃንን፣ በሽተኛንና ነፍሰ ጡርን እንዲጾሙ አታስገድድም። መድኃኒት አቁሙ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀሩ፣ የራሽን ካርዱን ለኔ ስጡ የሚል አስተማሪ ከመጣ፣ ያ መታዘዝ ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለሰውየው ነው። ለሽማግሌዎችና ለኮሚኒቲው አመራር ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩ።

ክርክሩንም አንፍራው። ዳሩ ግን ጎረቤት ራሽኑ አልቆበት ሳለ ስለ እምነትና ሥራ ብንከራከር፣ ያዕቆብ በሁለታችንም ላይ ይፈርዳል።

ቸር ያሰማን።