መሥሪያ ቤት ሲከፈል ሕጉ ወደ ማን ይሄዳል?

ሕግ ሲወጣ ምን እንደሚያዝ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያስፈጽመውም ይነግረናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ብንመለከት፣ በትርጓሜው ክፍል «ሚኒስቴር» የሚለው ቃል የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርን ያመለክታል። ዛሬ ግን በዚህ ስም የሚጠራ ሚኒስቴር የለም። ይህ እንዴት እንደ ሆነና ምን ጥያቄ እንዳስከተለ በአጭሩ ለማስረዳት እንወዳለን።

በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው ትእዛዝ ቁጥር 1/1935 የወጣው የየሚኒስትሩን ሥልጣን ለመወሰን ነበር። ጉዳዩ እንግዲህ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ፍጥነቱ ነው። ከ2008 እስከ 2014 ዓ.ም. ብቻ ሦስት ዐዋጆች፣ ማለትም 916/2008፣ 1097/2011 እና 1263/2014፣ አንዱ ሌላውን እየሻሩ ወጥተዋል። በመጨረሻው ዐዋጅ የሠራተኛው ጉዳይ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ የማኅበራዊው ጉዳይ ደግሞ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደ።

እንዲህ ያለ ዐዋጅ የቀድሞዎቹን ሕጎች አንድ በአንድ አያሻሽልም። በመጨረሻው ገጾች ላይ በሚገኝ አንድ ድንጋጌ፣ በሌሎች ሕጎች ለቀድሞዎቹ መሥሪያ ቤቶች ተሰጥቶ የነበረው ሥልጣን ጉዳዩ ለሚመለከታቸው አዲሶቹ አካላት ተሰጥቷል ይላል። ዘዴው ብዙ ድካም ያድናል። መሥሪያ ቤቱ እንዳለ ስሙን ብቻ ለውጦ ሲቀጥል ምንም ክርክር አይነሣም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግም ቢሆን ወደ የትኛው ወገን እንደሄደ ግልጽ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሕጉ ራሱ በሁለቱ መካከል ሲቆም ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብትን የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመች ያስገድደዋል። ይህ የሠራተኛ ጉዳይ ነው ወይስ የማኅበራዊ ጉዳይ? «የሚመለከታቸው» የሚለው ቃል ለዚህ መልስ አይሰጥም። ሥራ የተከለከለው ሰው ጋዜጣውን ሁሉ ቢያገላብጥ እንኳ የየትኛውን መሥሪያ ቤት በር ማንኳኳት እንዳለበት ከዚህ ቃል አያገኝም፤ ሁለቱ ሹማምንትም እርስ በርሳቸው ሊጠባበቁ ይችላሉ። በእኛ አስተያየት ቁጥጥሩ ወደ ሥራው ወገን ቢሄድ ይሻላል፤ የፋብሪካውን በር አልፎ ደረጃውንና መጸዳጃውን የሚያይ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ነውና።

መንግሥታችን በስም ጠርቶ ማስተላለፍ አያውቅም ማለታችን አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማቋቋሚያ ዐዋጅ ቁጥር 943 የክስ ሥልጣንን ከገቢዎችና ጉምሩክ፣ ከሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና እንዲሁም ከንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ወስዶ በአንድ እጅ ሰበሰበው። ምን ከማን እንደተወሰደ ያነበበ ሁሉ ያውቅ ነበር። (ያ መሥሪያ ቤትም በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ የፍትሕ ሚኒስቴር ተብሏል።)

አውስትራሊያኖች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ሕጋቸው ብዙውን ጊዜ «ሚኒስትሩ» ብሎ ብቻ ያልፋል፤ የትኛው ሚኒስትር እንደ ሆነ የሚታወቀው ጠቅላይ ገዥው በሚፈርመው ትእዛዝ ነው። በዚያ ትእዛዝ በየመሥሪያ ቤቱ ስም ሥር የሚያስፈጽማቸው ሕጎች በዝርዝር ይጻፋሉ። ሥራ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚለወጠው ዝርዝሩ ነው እንጂ ሕጉ አይደለም። ለእኛም ከ1263/2014 ጋር እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ቢያያዝ፣ ዐዋጅ 568/2000 በአንዱ ሚኒስቴር ስም ሥር አንድ መስመር ይበቃው ነበር።