የነባር ሞተር ሳይክሎችን የፍጥነት መለኪያ ስለመጠገንና ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ስለማስተካከል

የፍጥነት መለኪያው የተበላሸ ሞተር ሳይክል ከመንቀሳቀስ አይቆምም። ሰንሰለት ሲበጠስ ወይም ጎማ ሲተነፍስ ጉዞው ስለሚቋረጥ ባለንብረቱ ወዲያውኑ ያስጠግናል፤ የፍጥነት መለኪያው ጠቋሚ ዜሮ ላይ ሲቀር ግን ጥገናው ከሳምንት ወደ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል። ብዙ አሽከርካሪዎችም ፍጥነታቸውን በሞተሩ ድምፅ መገመት እንደሚችሉ ያምናሉ። ሆኖም አሽከርካሪው ረጅም ርቀት በፍጥነት ተጉዞ ወደ ከተማ ሲገባ ጆሮውና ዓይኑ ከፍጥነቱ ጋር ስለተለማመዱ፣ በ60 እየነዳ በ40 የሚሄድ ሊመስለው ይችላል። በሌላ በኩል ፍጥነት ከ50 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨምር፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ተሽከርካሪው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት በ44 በመቶ ገደማ ይረዝማል። በመለኪያው ላይ ትንሽ የሚመስለው የ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት መንገድ ለሚያቋርጥ እግረኛ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከቆመው መለኪያ ይልቅ አሳሳቢው ግን የሚሠራ የሚመስለውና ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ የሚያሳየው ነው። ጠቋሚው የቆመበት አሽከርካሪ ቢያንስ መለኪያ እንደሌለው ያውቃል። አሳንሶ የሚያሳይ መለኪያ ያለው ግን ሕግ አክብሮ የሚነዳ እየመሰለው ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ይነዳል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

በነባር ሞተር ሳይክሎች ላይ ያለው መለኪያ ሜካኒካል ነው። የአሠራር መርሑን ኦቶ ሹልዜ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 በባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ሲሆን፣ እስካሁንም ብዙም አልተለወጠም። በአብዛኛው በፊት ጎማ መሐል ላይ ያለ ትንሽ ጥርስ በላስቲክ ወይም በብረት ሽፋን ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ኬብል ያዞራል። ኬብሉ በመለኪያው ውስጥ ያለ ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱን ሳይነካ የከበበው ስስ የአሉሚኒየም ክዳን በማግኔቱ መዞር ምክንያት በውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚፈጠር ተከትሎት ለመዞር ይሞክራል፤ ጥምዝ የሆነ ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይስበዋል። ጠቋሚው የሚቆመው ሁለቱ ኃይሎች በሚመጣጠኑበት ቦታ ላይ ነው።

ይኸው ኬብል የተጓዘውን ርቀት የሚመዘግበውን ኪሎ ሜትር ቆጣሪም በጥርሶች አማካይነት ያዞራል። በአንድ ኬብል ሁለት መሣሪያዎች መንቀሳቀሳቸው ብልሽቱ የት እንደሆነ ለመለየት ትልቅ እገዛ አለው። ጠቋሚውም ቆጣሪውም አብረው ከቆሙ ችግሩ በኬብሉ ወይም በጎማው መሐል ባለው ጥርስ ላይ ነው፤ መለኪያውን መክፈትም ሆነ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ቆጣሪው እየቆጠረ ጠቋሚው ብቻ ከቆመ ኬብሉ ጤነኛ ነው፤ ብልሽቱ በመለኪያው ውስጥ ይገኛል። ጠቋሚው እየሠራ ቁጥሮቹ ከቆሙ የቆጣሪው ጥርስ ተበልቷል ወይም ከዘንጉ ላይ ላልቷል። ጠቋሚው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ደርቋል ወይም አላግባብ ታጥፏል። ኬብሉን ለመለወጥ ብቻ ሄደው ሙሉ መለኪያ ገዝተው የሚመለሱ ባለንብረቶች ጥቂት ባለመሆናቸው፣ ይህንን ልዩነት ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

የኬብልና የጥርስ ጥገና

ሞተር ሳይክሉ የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ሆኖ በጥብቅ ይቆማል፤ ሞተሩም ይጠፋል። ኬብሉን ከመለኪያው ጋር የሚያያይዘው ዳዶ ይፈታና ጎማው በእጅ ወደ ፊት ይዞራል። የኬብሉ የውስጥ ሽቦ ጫፍ አብሮ ከዞረ እስከዚያ ድረስ ያለው ክፍል ደኅና ነው። ካልዞረ ሽቦው ተስቦ ይወጣና ይታያል፤ ተበጥሶ ወይም አራት ማዕዘን የሆነው ጫፉ ተበልቶ ክብ ሆኖ ከተገኘ መለወጥ አለበት። ሽቦው ሙሉ ከሆነ ግን ወደ ጎማው መሐል መሄድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ አለ። በጎማው መሐል ያለውን ጥርስ የሚያዞሩት ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ያሉት ቀለበት ሲሆን፣ ጆሮዎቹ በተዘጋጀላቸው ክፍተት ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል። ጎማ ለማስለጠፍ ከወለቀ በኋላ በጥድፊያ ሲገጠም ጆሮዎቹ ከክፍተቱ ውጭ ይቀሩና ዘንጉ ሲጠብቅ ይጨፈለቃሉ። መለኪያው የቆመው የፊት ጎማው በተለጠፈ ማግስት ከሆነ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ቦታ ነው። ጎማ ለጣፊው ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት ጎማውን አዙሮ ጠቋሚው መነሳቱን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ደኅና ሆኖ የተገኘ ሽቦ በላምባ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ስስ ግራሶ ይቀባል። ወደ መለኪያው የሚገባው የላይኛው ጫፍ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህሉ፣ ሳይቀባ መተው አለበት። የበዛ ግራሶ በኬብሉ መዞር ወደ ላይ እየወጣ ወደ መለኪያው ከገባ ማግኔቱና የአሉሚኒየም ክዳኑ ይጣበቁና ጠቋሚው ወደ መጨረሻው ቁጥር ዘሎ ይቀራል፤ ለመጠገን የታሰበው ኬብል መለኪያውን አበላሸ ማለት ነው። ኬብሉ ተመልሶ ሲገጠም መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ዞሮ አለመወጠሩና አለመታጠፉ ይረጋገጣል።

የመለኪያው ውስጣዊ ክፍል ግን ለቤት ውስጥ ጥገና አይመከርም። ጠቋሚውን ነቅሎ በግምት መልሶ መትከል፣ ሞላውን በፒንሳ መነካካት ወይም ጠቋሚውን በጣት ገፍቶ “ማስተካከል” መለኪያውን ያሳስታል። በዕድሜ ብዛት የደከመ ማግኔት ጠቋሚውን በበቂ ኃይል ስለማይስብ መለኪያው አሳንሶ ያሳያል፤ ይህን ማስተካከል መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው።

መለኪያው ሲለወጥ

ከሌላ ሞተር ሳይክል የተፈታ መለኪያ ገጥሞ መሥራቱ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በብዙ የጃፓን ስሪት መለኪያዎች ኬብሉ በአንድ ኪሎ ሜትር 1400 ጊዜ እንዲዞር ታስቦ ነው ቁጥሩ የተጻፈው። የጎማው ጥርስ ከመለኪያው ጋር ካልተጣጣመ ጠቋሚው በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ ገበያ የመጡ መለኪያዎች ደግሞ በማይል የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። በማይል የተጻፈን 40 ኪሎ ሜትር አድርጎ የሚያነብ አሽከርካሪ በእውነቱ በ64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ ነው።

የጎማ ለውጥም እንዲሁ ንባቡን ይለውጣል። አሽከርካሪው ተቀምጦበት ጎማው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የሚሄደው ርቀት በኖራ ምልክት ተደርጎ ሊለካ ይችላል። ቀድሞ 1.90 ሜትር የነበረው ወደ 1.99 ሜትር ካደገ መለኪያው 60 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 63 ገደማ ይሆናል። ኬብሉ ከፊት ጎማ ሳይሆን ከማርሽ ሳጥን በሚነሳባቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ ግን መለካት ያለበት የኋላው ጎማ ነው፤ የሰንሰለት ጥርሶች ለውጥም በእነዚህ ላይ ንባቡን ያዛባል።

ማንኛውም ጥገና ከተደረገ በኋላ መለኪያው በመንገድ ላይ መፈተሽ አለበት። በዋና መንገዶች ዳር የተተከሉት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ለዚህ ያገለግላሉ። ትራፊክ በማይበዛበትና 60 በተፈቀደበት ቀጥ ያለ መንገድ ጠቋሚውን 60 ላይ አጽንቶ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ቀጣዩ ሲነዳ የሚወስደው ጊዜ 60 ሴኮንድ መሆን አለበት። ሰዓቱን የሚይዘው ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንጂ አሽከርካሪው አይደለም፤ በስልክ የሚፈትሹም ይህንኑ ይከተሉ። ጊዜው 66 ሴኮንድ ከሆነ እውነተኛው ፍጥነት 54 ወይም 55 ነው፤ መለኪያው አብዝቶ ስለሚያሳይ አደጋ የለውም። 54 ሴኮንድ ከሆነ ግን ፍጥነቱ 67 ገደማ ስለሆነ መለኪያው ወደ ጥገና መመለስ አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39ም የሚከተለው ይህንኑ መርሕ ነው፤ መለኪያ በተወሰነ መጠን አብዝቶ ሊያሳይ ይችላል፣ ከእውነተኛው ፍጥነት ግን በፍጹም ማነስ የለበትም።

ቁጥሩን “ወደ ዜሮ መመለስ”

ባለንብረቶች ቆጣሪን ስለማስተካከል ሲጠይቁ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያነሳሉ። በትንሽ ቁልፍ ወደ ዜሮ የሚመለሰው የጉዞ ቆጣሪ ለአሽከርካሪው ምቾት የተሠራ ስለሆነ በፈለገ ጊዜ ሊመልሰው ይችላል። ጠቅላላ ርቀቱን የሚይዘው ቆጣሪ በመለኪያ መለወጥ ምክንያት ከሌላ ቁጥር ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ሕጋዊ ነው፤ የሚያስፈልገው መመዝገብ ብቻ ነው። መለኪያው የተለወጠበት ቀን፣ የአሮጌው የመጨረሻ ንባብና የአዲሱ መነሻ ንባብ ተጽፎ ከጋራዡ ደረሰኝ ጋር ይቀመጣል። ለምሳሌ አሮጌው በ43,610 ቆሞ አዲሱ ከዜሮ ከጀመረና ዛሬ 2,390 ካሳየ ሞተር ሳይክሉ የተጓዘው 46,000 ኪሎ ሜትር ነው። የዘይት ለውጥና ሌሎች አገልግሎቶችም በዚሁ ድምር ይሰላሉ። ቆጣሪው ቆሞ የተነዳበት ጊዜ ካለ “ያልተቆጠረ” ተብሎ ይጻፍ እንጂ በግምት አይሞላ።

ሦስተኛው፣ ተሽከርካሪው ያነሰ የሠራ እንዲመስል ቁጥሩን መቀነስ፣ ጥገና አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንዱ ተዋዋይ ባይታለል ኖሮ የማይገባበትን ውል በሌላው ተንኮል ምክንያት ከፈረመ ውሉ እንዲፈርስ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ሥራ እንዲሠራ የሚጠየቅ መካኒክም እምቢ ማለት ይኖርበታል።

ለገዢዎች አንድ ነገር ማከል ተገቢ ነው። አምስት አሃዝ ያለው ቆጣሪ ከ99,999 በኋላ ራሱ ወደ 00000 ስለሚመለስ በአሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ማየት በራሱ ጥሩም መጥፎም ምልክት አይደለም። የእግር ማሳረፊያው ላስቲክና የፍሬን መርገጫው ከተበሉ፣ የመለኪያው ብሎኖች በካቻቪቴ ከተጫሩ ወይም ቁጥሮቹ በአንድ መስመር ካልተደረደሩ ሻጩ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይገባል። በሽያጭ ውሉ ላይም ከሞተርና ከሻንሲ ቁጥር ጎን በዕለቱ የሚታየው የቆጣሪ ንባብ፣ እንዲሁም መለኪያው ተለውጦ እንደሆነና አለመሆኑ ተጽፎ በሁለቱም ወገኖች ቢፈረምበት ወደፊት ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆናል።