የስንዴ ዋግና የገበሬው ስጋት

አርሲና ባሌ የሀገራችን የስንዴ ጎተራ ናቸው። ገበሬው ለማዳበሪያና ለኮምባይነር ያወጣውን የሚመልሰው፣ የቤተሰቡንም ዓመት የሚያሻግረው በዚሁ ስንዴ ነው። ይህን ሁሉ ድካም በጥቂት ሳምንታት ከንቱ ከሚያስቀሩ በሽታዎች አንዱ ዋግ ነው።

ዋግ ፈንገስ ነው፤ ደቃቅ ብናኙን ነፋስ ከማሳ ማሳ፣ ከሀገርም ሀገር ያደርሰዋል። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይስማማዋል፤ የግንድ ዋግ ደግሞ ሞቅ ያለውን ይወዳል።

በ2010 እ.ኤ.አ ቢጫ ዋግ በስፋት ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ ክፉኛ መታ። ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2013 እ.ኤ.አ ደግሞ ዲገሉን የግንድ ዋግ ጣለው፤ ምርት ያልተገኘባቸው ማሳዎችም ነበሩ። ሁሉም አንድ ዝርያ ሲዘራ፣ ያንን ዝርያ የሚያሸንፍ አንድ የዋግ ዓይነት አካባቢውን በሙሉ ይጎዳል። በባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመረት ደግሞ ዋጉ ከአንዱ ሰብል ወደ ሌላው ይሻገራል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የተለያዩ ዝርያዎችን መዝራት፣ ረግፎ ራሱን የበቀለ ስንዴ መንቀል፣ ማሳን በየጊዜው መፈተሽ። በቅጠሉ ላይ ቢጫ መስመር ወይም በአገዳው ላይ ቀይ ቡናማ ብናኝ ከታየ ሳይውል ሳያድር ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ መንገር ያስፈልጋል። መድኃኒቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲረጭ ነውና በየማኅበሩ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል።

እኛ የከተማ ነዋሪዎችም ጉዳዩን የሩቅ አናድርገው። የገበሬው ማሳ ሲታመም የእኛም ዳቦ ይወደዳል።