ጥሬ አኩሪ አተርና የጫጩት ሆድ

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚያመራው መንገድ፣ በሆሞሻና በአካባቢዋ ያለው ገበሬ ከማሽላውና ከበቆሎው ጎን አኩሪ አተር መዝራት ከለመደ ወዲህ፣ ምርቱ በነጋዴ ጆንያ ተጭኖ ወደ ፋብሪካ ሲሄድ፣ በግቢው የምትፈለፈለው ጫጩት ግን ከእናቷ ኋላ እየጫረች ከምታገኘው ትልና ከወንፊት ከተረፈው ጥራጊ በቀር ሌላ ሥርዓተ ምግብ አልተወሰነላትም። ከመቶው ወደ 40 የሚጠጋው ፕሮቲን፣ ወደ 20 የሚጠጋውም ዘይት የሆነ ፍሬ በደጃፍ ሳለ ጫጩቷ ስትቀጭጭ ማየት ያስቆጫልና፣ ከጆንያው ጥቂት ዘግኖ ሊበትንላት የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም።

ዳሩ ግን ፍሬው በጥሬነቱ ሳለ፣ ፕሮቲንን ለማፍጨት ከቆሽት የሚመነጨውን ትሪፕሲን አስሮ የሚይዝ ባሕርይ አለው። ቆሽትም የታሰረበትን ለመተካት ያለ ዕረፍት ሲያመነጭ ከልኩ በላይ ያድጋል፤ አኩሪ አተር በተፈጥሮው የሚያንሰው ሜቲዮኒን የተባለው የፕሮቲን ክፍልም በዚሁ ድካም ከኩስ ጋር ይባክናል። ስለዚህ ጫጩቷ ጠግባ ትውላለች እንጂ አታድግም፤ ያደገች ዶሮ ጉዳቱን በመጠኑ ስትችለው፣ ሰውነቷን ገና በመገንባት ላይ ያለችው ጫጩት ግን አትችለውም። ኦስቦርንና ሜንዴል የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት፣ ጥሬው ያላሳደጋቸውን አይጦች የበሰለው እንዳሳደጋቸው እ.ኤ.አ. በ1917 አሳይተው ነበር፤ አሳሪውን ንጥረ ነገር ለይቶ ያወጣው ኩኒትዝ ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ኃይለ እሳት ነው። በምጣድ መቁላት ቢቻልም፣ እሳቱ ካየለ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ያረረውም ላይሲን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል ስለሚያጣ፣ እኔስ ሌሊት ዘፍዝፎ በፈላ ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል መቀቀሉን አስቀድማለሁ። ከዚያ በፀሐይ አድርቆ መሰለቅ ይገባል፤ ድፍኑን የጫጩት ጉሮሮ አይቀበለውምና። በቆሎ ከመቶው 9 ያህል ብቻ ፕሮቲን ስላለው፣ ከበቆሎው 3 እጅ ከአኩሪ አተሩ 2 እጅ ቢቀላቀል ለጫጩት ከሚያስፈልገው 20 ከመቶ ይደረሳል፤ የአጥንት ዱቄትና ጎመንም መጨመር ያሻል። ከዘይት መጭመቂያ የሚገዛው ፋጉሎ በአሠራሩ ሙቀት ያገኘ እንደ ሆነ ዳግመኛ መቀቀል አያሻውም፤ በቤት የተቀቀለው ግን በቆላው ሙቀት ፈጥኖ ስለሚሻግት፣ በአንድ ቀን ፀሐይ ሊደርቅ ከሚችለው በላይ በድስት ባይጣድ ይሻላል።