ከጄሉ በታች ያለው ጥፍር

የሠርግ ወር ሲገባ ደሴ ሄዳ ፀጉሯን የተሠራች፣ ጥፍሯንም ጄል የተቀባች ሙሽራ ወይም ሚዜ ቀለሙን በጣቷ ይዛ ወደ ኩታበር ትመለሳለች። ቀለሙን የሚያነሣላት ባለሙያ ግን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እዚያው ደሴ ይቀራል። ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎ የጄሉ ጠርዝ መነሣት ሲጀምር፣ ለመሳፈሪያና ለማስነሻ ገንዘብ ከማውጣት በሌላኛው እጅ ጥፍር ፈልቅቆ መጣል ይቀላል። ጥፍር በአብዛኛው የሚጎዳው ያን ጊዜ ነው። በመቀባቱ ላይ የምናደርገውን ጥንቃቄ ያህል በማንሣቱ ላይ ብናደርግ፣ ብዙ ሴቶች «ጄል ጥፍሬን ጨረሰው» አይሉም ነበር።

ተራው የጥፍር ቀለም የሚደርቀው ውስጡ ያለው ማሟሚያ ሲተን ነው። የጄል አሠራር ግን ሌላ ነው። አክሪሌት የሚባሉት የጄሉ ሞለኪውሎች የጄል ማጠንከሪያው ማሽን አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍባቸው እርስ በርስ ተያይዘው ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናሉ። ሲኤንዲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ሼላክ የሚለውን ምርቱን ካወጣ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ቀለም በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቷል። ልብስ ሲታጠብም ሆነ ሊጥ ሲቦካ የማይላጠው ጠንካራ ፕላስቲክ ከመሆኑ የተነሣ ነው፤ በተራ ማስለቀቂያ በቀላሉ የማይለቀውም እንዲሁ።

ጥፍር ራሱ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ የሞቱ ሕዋሳት ንብርብር ነው። ሕይወት ያለው ከቆዳ ሥር የተደበቀው መነሻው ብቻ ነው። ቆዳ ቢቆረጥ ይድናል። የተገሸለጠ ጥፍር ግን የሚድንበት መንገድ የለውም፤ አድጎ ተቆርጦ እስኪወገድ ይጠበቃል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከሥር እስከ ጫፍ ለመተካት 6 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ የእግር ጥፍር ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ሊወስድ ይችላል። ለጥር ሠርግ የተቀባው ጄል ተፈልቅቆ ከተነሣ ንብርብሩን ይዞ ስለሚወጣ፣ የሳሳውና የሚሰነጠቀው ጥፍር ሙሉ በሙሉ የሚተካው ሐምሌ አካባቢ ነው።

እናቶቻችን ጥፍራቸውን ያቀሉበት የነበረው እንሶስላ በዚህ በኩል ጣጣ የለውም። ደጋማው አገራችን የሚያበቅለው የዚህ ተክል ሥር ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይደረግና ተጠቅልሎ ያድራል። ቀለሙ ከኬራቲኑ ጋር ስለሚዋሐድ የሚላጥ ነገር የለም፤ ከጥፍሩ ጋር አድጎ ይወጣል። ሂናም እንዲሁ ነው። «ጥቁር ሂና» እየተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ተቀላቅሎበት የሚሸጠው ግን ቆዳን ክፉኛ ሊያቃጥል ስለሚችል መራቅ ይሻላል። በወሎ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለ፤ ከሰላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት፣ ለውዱእ፣ ውሃ ጥፍር ላይ መድረስ አለበት፣ ጄል ግን ውሃ አያሳልፍም። ሠርጉ ባለፈ ማግስት ሰላት እንዳያልፋት ጄሉን በጥድፊያ የምትፈለቅቅ ሴት ጥፍሯን ትጎዳለች። ለእሷ የሚመቸው ሂና ወይም እንሶስላ ይመስለኛል።

ጄል የመረጠች ሴት ጥንቃቄዋን ወንበሩ ላይ ሆና ትጀምር። ጥፍሩ ከመቀባቱ በፊት አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ ቀለል ተደርጎ ከተሞረደ ይበቃል፤ እስኪሞቅ ወይም እስኪያም መሞረድ የለበትም። በጥፍሩ ሥር ያለው ቀጭን ቆዳ ለተሐዋስያን በር የሚዘጋ ስለሆነ እንዳይቆረጥ መናገር መብቷ ነው። ጄሉ ቆዳ ከነካ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መጠረግ አለበት። ያልጠነከረ ጄል ቆዳ ላይ ሲቆይ አለርጂ ያስነሣልና። ብርሃኑ የደከመ ወይም ከጄሉ ዓይነት ጋር የማይገጥም ማሽን ላዩን አጠንክሮ ውስጡን ጥሬ ይተወዋል፤ በየመሀሉ መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ይህን ማሰብ ተገቢ ነው። ሄማ የሚባለው ንጥረ ነገር አለርጂ በማስነሣት ይታወቃል፣ የአውሮፓ ኅብረትም ሄማ ያለባቸውን የጥፍር ምርቶች ለባለሙያ ብቻ እንዲሆኑ ወስኗል። ቲፒኦ የተባለውን ጄል የሚያጠነክር ኬሚካል ደግሞ ከመስከረም 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመዋቢያ ምርቶች አግዷል። የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ እንዲህ ላለው ነገር ይጠቅማል።

ስለ ማሽኑ ጨረርም ይጠየቃል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ያሳደጓቸውን ሕዋሳት ለዚህ ብርሃን አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ብቻ ሲያጋልጡ፣ ከ20 እስከ 30 በመቶው ሞተዋል፤ በቀሩትም ላይ የዘረ መል ጉዳት ታይቷል። ይህ በሰው እጅ ላይ ካንሰር ያመጣል ማለት አይደለም። ሆኖም ከመቀባቱ በፊት እጅን የፀሐይ መከላከያ ክሬም መቀባት ወይም ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ማድረግ ቀላል ነገር ነው።

ጄሉ ጥፍር ላይ ባለባቸው ሳምንታት ዋናው ጠላት ውሃና በረኪና ነው። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ ሲደጋገም ጠርዙ ይነሣል፣ እዚያ የገባው እርጥበትም ባክቴሪያ ያራባል። አረንጓዴ የሆነ ጥፍር የዚህ ምልክት ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ መቀባት ችግሩን መሸፈን ብቻ ነው። ልብስ ሲያጥቡ ጓንት ማድረግ፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ማታ ማታ የጥፍሩን ሥር በቫዝሊን ወይም በዘይት ማሸት ጥሩ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ማንሣቱ። ደሴ መመለስ ካልተቻለ ቤት ውስጥም ይሆናል፤ ትዕግሥትና አሴቶን ይበቃል። መጀመሪያ የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን ብቻ በሞረድ ይፈገፈጋል፣ አለዚያ አሴቶኑ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በዙሪያው ያለው ቆዳ ቫዝሊን ይቀባል። በጥፍሩ ልክ የተቆረጠ ጥጥ አሴቶን ውስጥ ተነክሮ ጥፍሩ ላይ ይቀመጥና ጣቱ በፎይል ይጠቀለላል። ሙሉ ጣትን አሴቶን ውስጥ መዝፈቅ ቆዳውን በከንቱ ያደርቀዋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ የላላው ጄል በእንጨት ስንጥር ገፋ ሲደረግ ይወጣል። እምቢ ካለ መፋቅ አያስፈልግም፤ እንደገና ጠቅልሎ አምስት ደቂቃ መጨመር ነው። በመጨረሻ እጅን ታጥቦ ዘይት መቀባት።

አሴቶን በጣም ተቀጣጣይ መሆኑን ግን አደራ። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። ቡና እየተፈላ፣ ከሰል ተያይዞ፣ ዕጣን እየጨሰ ባለበት ክፍል ፈጽሞ ጠርሙሱ አይከፈት። መስኮት የተከፈተበት፣ እሳት የሌለበት ቦታ ያስፈልጋል፣ ልጆችም ይራቁ።

ጥፍር «እንዲተነፍስ» ጄል ይረፍ የሚባለው ልክ አይደለም፤ ሕይወት ያለው የጥፍር መነሻ ኦክስጅን የሚያገኘው ከደም ነው። ዕረፍቱ ራሱ ግን ጠቃሚ ነው፤ የሳሳ ጥፍር ሳይፈገፈግና አሴቶን ሳይነካው እንዲያድግ ጊዜ ይሰጠዋል፣ በቀለም የተሸፈነ ሕመምም ይታያል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ጄልን ለልዩ ዝግጅት ብቻ ማድረግን ይመክራል። እኔም ለሠርግና ለበዓል ቢቀመጥ እወዳለሁ።

የጥፍሩ ዙሪያ ቢያሳክክና ቢላጥ፣ ወይም ጣት የሚነካው የዓይን ቆብ ቢያብጥ፣ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ጄሉን አስነሥቶ ሐኪም ማየት ነው። በዚህ ረገድ የኩታበር ሰው ዕድለኛ ነው፤ በቆዳ ሕክምናው የሚታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርቡ ነው። የአክሪሌት አለርጂ አንዴ ከያዘ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል፤ የጥርስ መሙያና የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሲሚንቶም ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ንጥረ ነገሮች አሉባቸው። እንዲህ ያለ አለርጂ የታየባት ሴት ጥርስ ልታስሞላም ሆነ አጥንቷን ልትታከም ስትሄድ አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር።