ቀበቶውን አሳይቶ ባልዲውን የደበቀው ጎረምሳ

ካራቴ የሚያውቅ ሰው ግድግዳ ቢቀባ እንዴት አድርጎ የሚቀባ ይመስላችኋል? አትሳቁ! ሆሳዕና ውስጥ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ጉሮሮ እስኪደርቅ የተከራከሩበት ጉዳይ ነው።

መስከረም ሲገባ፣ የሀዲያው ያሆዴና የከምባታው መሳላ ሲቃረብ፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ቤት ይታደሳል። የጭቃው ይመረጋል፣ የብሎኬቱ ቀለም ይቀባል። ከአዲስ አበባም ከባህር ማዶም ዘመድ ይገባላ! እነዚያ አራት ወጣቶችም ማታ ማታ ቴኳንዶና ካራቴ ይሰራሉ፣ ቀን ቀን ደግሞ ባልዲና ብሩሽ ይዘው ይውላሉ።

«ኮርኒስ ለመቀባት መሰላል ምን ያደርጋል?» አለ የቴኳንዶው ልጅ። «ብሩሹን እግርህ ላይ ታስራለህ፣ ዘለህ አንዴ በርግጫ ዞር! አለቀ።»

«ቀለሙስ?»

«ቀለሙማ ባለቤትየዋ ላይ!»

የካራቴው ልጅ ቀጠለ። «እኛ እንደናንተ አንዘልም። ትንፋሽ ሰብስበን ባልዲውን በአንድ ቡጢ! ግድግዳው ራሱ ፈርቶ ይቀባል።» ሦስተኛው የቻይና ፊልም ወዳጅ ነው። «ከሁሉም የሚበልጠው የሰካራሙ ስልት ነው» ከማለቱ፣ «አሃ! ባለፈው ሳሎኑን ያጣመምከው በሱ ነዋ!» ብለው አዋከቡት።

እኔም ጣልቃ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን «ካራቴ ኪድ» ያየ ሰው ያስታውሳል። ሽማግሌው ሚያጊ ካራቴ ሊማር የመጣውን ልጅ መኪና ያስወለውለዋል፣ ወለል ያስፍቀዋል፣ አጥር ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቤት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያስቀባዋል። ልጁ ጉልበቴን ተበላሁ ብሎ ሲበሳጭ፣ ያ ሁሉ ልፋት ለካ ምት መመከቻ ኖሯል!

ሁሉም ሳቁ፣ አራተኛው ግን አልሳቀም። ከመካከላቸው ጥቁር ቀበቶ ያለው እሱ ነው። ሌሎቹ ሲበተኑ ጉዱን አጫወተኝ።

የሚወዳት ልጅ አለች። እሷ የምታውቀው ህጻናት ሲያሰለጥን ነው። ስለ ባልዲው ትንፍሽ አላለም፤ «የግል ሥራ አለኝ» ብቻ ነው ያላት። አንድ ቀን ታዲያ መሰላል ላይ ሆኖ አንድ ግቢ ሲቀባ ከተፍ አላለችም? ለካ ቤቱ የአክስቷ ነው! ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዝም። እሷም ጀርባውን ሰላም ብላ ወጣች። ይኸው ሁለት ሳምንት አልተያዩም።

«ቀለም ቀቢ መሆኔን አይታ ናቀችኝ» አለኝ። «ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግር ሰው አግኝቻለሁ፣ ልሂድና ሰው ሆኜ ልመለስ።»

ደነገጥኩ። ከሀዲያና ከከምባታ ስንቱ ወጣት በዚያ መንገድ ሄዷል! ደርሶ ሱቅ ከፍቶ ቤተሰብ የሚረዳ አለ፤ በየበረሃው የቀረም አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የተነገረላቸው 64 ሰዎች በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በአንዲት ልጅ ኩርፊያ እዚያ ውስጥ ይገባል?

«ለምን እንደራቀችህ ጠይቀሃታል?» አልኩት። አልጠየቃትም። «በል እንግዲያው ሂድ፣ ልብስህንም ሳትቀይር!»

ሄደ። ያለችውን በማግስቱ ነገረኝ። «በቀለሙ መች ተናደድኩ? የተናደድኩት ጀርባህን ስለሰጠኸኝ ነው።»

ወይ ጉድ! ለባላጋራ ጀርባ አይሰጥም እያለ ህጻናት የሚያስተምር ሰው፣ ለሚወዳት ልጅ ጀርባውን ሰጠ! አሁን ይነጋገራሉ፤ የደላላው ነገርም ለጊዜው ቀርቷል።

ወጣቶች ሆይ፣ በቀበቶ መኩራት ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ አገራችንም በቴኳንዶ ተወዳድራለች። ባልዲው ግን ለምን ማፈሪያ ይሆናል? ለስፖርቱ መዋጮ የሚከፈለው ከዚያው ባልዲ አይደል እንዴ?

የሻይ ቤቱን ክርክር የቋጩት ደግሞ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አንጋፋ ቀቢ ናቸው። «ልጆቼ፣ ግድግዳ በጉልበት አይቀባም። አሮጌውን ቀለም ፍቁ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ድፈኑ፣ ልስኑ እስኪደርቅ ታገሱ። ከኮርኒስ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። አንዴ አወፍሮ ከመለጠፍ ሁለቴ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል። ኖራ ስትቀቡ ዓይናችሁን ጠብቁ፤ ከገባ ቶሎ በብዙ ውሃ ታጠቡና ወደ ሐኪም ሂዱ። ከሁሉ በፊት ግን አቋቋማችሁን አስተካክሉ፤ መሰላል ቀበቶ አይቶ አያዝንም!»

አቋቋም ነው ዋናው። መሰላል ላይም፣ ፍቅር ላይም!