የማንኪራ ገለፈትና የአዲስ አበባው ማዕከል

በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም በማይርቀው የማንኪራ ጫካ ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ዩኔስኮም የካፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ሆኖም ጀንፈል (የደረቀ የቡና ፍሬ) ሲፈለፈል ገለፈቱ ይከመራል፤ ቡና የታጠበበት ፍሳሽም ወንዝ ከገባ የውሃውን ኦክስጅን ያሟጥጣል። ገለፈቱን ወደ ከሰል የሚለውጥ ወይም ፍሳሹን የሚያጣራ ወጣት ቢነሳ ማን ያግዘዋል?

እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ባንክ፣ በኖርዌይና በብሪታንያ ድጋፍ የተመሠረተው የኢትዮጵያ የአየር ንብረት ፈጠራ ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተናጋጅነት ሥራ የጀመረው እንዲህ ያሉ ጀማሪዎችን ለማገዝ ነው። እንዲህ ያለ ማዕከል አመልካቾችን ሲመርጥ ሐሳቡ ለአካባቢ ምን ይጠቅማል? ገዥ አለው? ቡድኑስ ይሠራዋል? ብሎ ይመዝናል። ከሁሉም የሚከብደው የገዥው ጥያቄ ነው፤ ከገለፈት የተሠራው ከሰል ከጫካ ከሚለቀመው እንጨት ከተወደደ ማንም አይገዛውም፣ ደኑም ከመጥረቢያ አይተርፍም። የተመረጡት የንግድ ሥልጠና፣ የባለሙያ ምክርና ለሙከራ ምርት መነሻ ገንዘብ ያገኛሉ። ባንክ ብዙውን ጊዜ የሚያበድረው በመያዣ በመሆኑ፣ ቤትም መኪናም ለሌለው ጀማሪ ይህ የመጀመሪያ ገንዘብ ወሳኝ ነው።